እንሶስላ አሟሟቅ፦ ስሩን ከመለየት እስከ ጓሮ መትከል

ሠርግ ሲቀርብ፣ ፋሲካ ሲደርስ ወይም ዘመን ሲለወጥ በደጋና በወይና ደጋ አገር ያሉ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ስር እንሶስላ ነው። በጎጃምና በጎንደር ጉርሽጥ ሲሉትም ይሰማል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሂና በቱቦ ተሞልቶ ስለሚሸጥ ብዙ ወጣት ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ሂና የቆላ ቁጥቋጦ ቅጠል ነው፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይመጣል፤ በቀጭኑ እየተጨመቀ አበባና ሐረግ ይሳልበታል። እንሶስላ ግን ከወንዝ ዳር የሚቆፈር ስር ነው። የሚሞቀውም መዳፍ፣ ጣትና ውስጥ እግር ሙሉ በሙሉ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም።

አሠራሩ ከአገር አገር፣ ከቤት ቤት ይለያያል። የእናትዎ ወይም የአክስትዎ አሠራር ከዚህ ቢለይ የእነሱን ይያዙ። እኔ የምሟገተው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥሩ ቀለም የሚመጣው ከጎለመሰ ስር፣ ከሙቀትና ከትዕግሥት ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ወይ ጌጥ ነው፣ ወይ ጉዳት።

ተክሉን መለየት

በሳይንስ ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣለት ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ማቅለሚያነቱን ይዞ ነው የሰየመው። ከኢትዮጵያ ሌላ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በምሥራቅ ኮንጎ ከፍታዎችም ይበቅላል።

የሚወደው ጥላና እርጥበት ነው። የጅረት ዳር፣ የደን ጠርዝ፣ ውሃ የሚያዥ ገደል ሥር ይፈልጉት። ግንዱ ወፍራም፣ ለስላሳና ውሃ የቋጠረ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል። ክረምቱ ከተመቸው የሰው ቁመት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ቅጠሉ ሞላላ ሆኖ ጫፉ ይሾላል፣ ዳር ዳሩ ጥርስ አለው። አበባውን አንዴ ያየ አይረሳውም፦ ሰፋፊ ነጭ ቅጠሎች፣ ጉሮሮው ላይ ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ከኋላው ደግሞ ረጅም ቀጭን ጭራ። የአበባው ማር የሚጠራቀመው በጭራው ውስጥ ነው። ሲመሽ ሽታው ይበረታል፤ ምላሳቸው ረጅም የሆኑ የሌሊት የእሳት ራቶች ይጎበኙታል። ፍሬው ሲደርስ ጣት ገና ሲነካው ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። በወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል።

በደጋችን ቀይ አበባ ያለው የቅርብ ዘመድም አለው። ቅጠላቸው ስለሚቀራረብ ያላበበ ተክል በቅጠሉ ብቻ ገምቶ መቆፈር ጥሩ አይደለም። ጥላ ሥር ካሉ ባለስር ተክሎች መካከል ቆዳ የሚያቃጥሉ አሉ፣ የሚመርዙም አሉ። ስለዚህ አበባውን ሳያዩ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ሳያሳይዎ አይቆፍሩ።

ጊዜውን መያዝ

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንሶስላ የሚያብበው በክረምትና በመፀው ነው። ሠርግ ደግሞ የሚበዛው በጥር ነው። በጥር ግንዱ ደርቆ ወድቋል፣ ቅጠሉም የለም፣ ስሩ ብቻ አፈር ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ የሠርግ ቤት ያለው ሰው መስከረም ላይ አበባው ሳይረግፍ ወንዝ ዳር ወርዶ ተክሉ አጠገብ እንጨት ይተክላል ወይም ድንጋይ ይከምራል። ሲደርስ በምልክቱ ይቆፍራል።

የደረቀ ወቅት ስር የሚመረጠው በሌላም ምክንያት ነው። ተክሉ በክረምት የሰበሰበውን ጉልበት ወደ ስሩ መልሶ የሚያከማቸው ከላይ ሲሞት ነው። ክረምት ላይ የተቆፈረ ስር ውሃ የበዛበት ይሆናል።

አቆፋፈር

ከግንዱ መሠረት ትንሽ ራቅ ብለው ዙሪያውን ይቆፍሩ። ዶማው ስሩ ላይ ካረፈ ጭማቂውን አፈር ይጠጣዋል። አፈሩ ከላላ በኋላ በእጅ ማውጣት ይሻላል። ስሩ አንድ ብቻ አይደለም፤ ወፍራሞቹ አንድ ላይ ተቋጥረው ይገኛሉ።

ወፍራሞቹን ይውሰዱ። ከላይ ቡቃያ የሚያወጣውን አንገት ከአንድ ሁለት ስር ጋር መልሰው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጡ፣ አፈር ይመልሱ፣ በእግርዎ ጠቅ ጠቅ ያድርጉት። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ቅጠል የሚቀጠፍበት ተክል ያገግማል፣ ስሩ ሙሉ በሙሉ የተነቀለ ግን አይመለስም። የወንዝ ዳሩ ለእርሻና ለባሕር ዛፍ በተመነጠረበት አገር የቀረችውን ጥቂት እንሶስላ አውጥቶ ባዶ ጉድጓድ ትቶ መሄድ ለሚቀጥለው ሠርግ ምንም ማጣት ነው።

ከገበያ የሚገዙ ከሆነ ጠንካራውን፣ ያልተሸበሸበውን ይምረጡ። የለሰለሰና የሻጋታ ሽታ ያለው ቀለሙ አልቋል። ጥርጣሬ ካለዎት አንዱን ቆርጠው መዳፍዎ ላይ ይሹትና ይጠብቁ። ዱካ ካልተወ አይግዙ። ደርቆ የተፈጨም አለ። ለመንገድና ለማቆየት ይመቻል፣ እኔ ግን ትኩሱ ካለ ወደ ዱቄቱ አልሄድም፤ በዱቄት ውስጥ ምን እንደተደባለቀ ዓይን አይለይም።

ማዘጋጀት

ለአንድ ሰው ሁለት እጅና ሁለት እግር፣ ተወቅጦ ሁለት ሦስት እፍኝ የሚሆን ስር ይበቃል። አፈሩን በውሃ አጥበው ያራግፉ፣ የላይኛውን ልጣጭ በቢላ ይፋቁ፣ ከዚያ በቀጭኑ ይከታትፉት። ከዚህ በኋላ ጓንት ያድርጉ፤ ካልሆነም የሚወቅጠው ሰው ጣት ከሙሽራዋ በፊት እንደሚቀላ ይወቁ።

ሙቀጫ ውስጥ ይጨምሩና በዘነዘና ይውቀጡ። መውቀጡን አያቋርጡ። ቀለሙ ያለው ጭማቂው ውስጥ ስለሆነ ስሩ በደንብ መድቀቅ አለበት፣ ጉርድርድ ያለ ስር ቆዳ ላይ ነጠብጣብ እንጂ ወጥ ቀለም አያወጣም። በብሌንደር የሚፈጩም አሉ። ይሆናል፣ ግን ብሌንደሩ እንዲዞር ብለው ውሃ ያበዛሉ፤ ውሃ ሲበዛ ቀለሙ ይሳሳል፣ ከእጅም ይወርዳል። ሊጡ መሆን ያለበት ከማንኪያ የማይንጠባጠብ፣ እንደ ገንፎ የሚቆም ነው።

ከዚህ በኋላ ቤቶች ይለያያሉ። አንዳንዱ ሊጡን በሸክላ ድስት አድርጎ በዝግታ እሳት፣ ትንሽ ውሃ ብቻ ጠብ አድርጎ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር ያበስለዋል። ሌላው ጥሬውን ለብ አድርጎ ብቻ ይጠቀማል። የሁለቱም ዓላማ ሙቀት ነው፤ «እንሶስላ ሞቀች» መባሉ በከንቱ አይደለም። የበሰለው ጠቆር ያለ ቀለም ይሰጣል፣ ጥሬው ወደ ቀይ ያደላል።

ዕቃው ሸክላ ቢሆን ጥሩ ነው። ብረት ድስት ከቀለሙ ጋር ስለሚዋሃድ ሊጡን ያጠቁረዋል። ሎሚ የሚጨምቁም አሉ። ጥቂት ጠብታ አይጎዳም፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ያላት ግን ታለቅሳለች። ጨው፣ ቡና አተላ፣ ሻይ፣ ሌላም ሌላም የሚጨምር አለ። የተለየ ጥቅም አላየሁባቸውም።

መሞቅ

ይህ የሌሊት ሥራ ነው። ራት ከተበላ በኋላ ተጀምሮ እስኪነጋ ይቆያል። ከመጀመርዎ በፊት የሚበላውን ይብሉ፣ ስልኩን ለሰው ይስጡ፣ መጸዳጃ ቤትም ይሂዱ። እጅዎ ከታሰረ በኋላ ውሃ እንኳን የሚያጠጣዎ ሌላ ሰው ነው። የሠርግ ዋዜማ ከሆነ እህቶችና ሚዜዎች እየዘፈኑ ሙሽራዋን ሲያጎርሱ ማምሸታቸው የጨዋታው ግማሽ ነው፤ ብቻዋን ለምትሞቅ ግን ፈተና ነው።

እጅና እግርዎን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ቅባት ካለ ቀለሙ አይገባም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቅቤም ሎሽንም አይቀቡ። ተረከዝዎን በድንጋይ ይፈትጉ። የሞተው ቆዳ ካልተነሳ ቀለሙ እሱ ላይ ያርፍና ከእሱ ጋር በሁለት ቀን ውስጥ ይረግፋል። ቀለሙ እንዳያልፍ የሚፈልጉበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የእጅ አንጓ ዙሪያ፣ ቀጭን የቫዝሊን መስመር ያስምሩ፤ ድንበሩ ቀጥ ይላል።

ሊጡ ለብ ይበል። የምታሞቅዎ ሴት በራሷ ክንድ ላይ ትሞክረው፤ እሷን ካቃጠላት እርስዎንም ያቃጥላል። ከእግር ይጀመራል። ውስጥ እግሩ ላይ ወፈር አድርጋ ትለጥፋለች፣ በጣቶች መካከል ታስገባለች፣ ጥፍሩንም ትሸፍናለች። ከዚያ እግሩ በጉሎ ቅጠል ወይም በኮባ ይሸፈናል፣ ከላይ አሮጌ ጨርቅ ይጠመጠማል። ቅጠሉ እርጥበቱን ይይዛል፣ ጨርቁ ሙቀቱን። ጉሎ በማይገኝበት ከተማ ስስ ፌስታል ያገለግላል። ቀጥሎ እጅ፦ መዳፍ፣ የጣቶች ውስጥና ጫፍ። ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ሊጡን እንዲጨብጡ ይደረግና አብረው ይጠቀለላሉ።

ከሰል ማንደጃ ካለ ከርቀት እየሞቁ መቀመጥ ቀለሙን ያጎላዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የተጠቀለለ እጅ ሙቀትን ዘግይቶ ስለሚሰማ ወደ ፍሙ አይጠጉ፣ ፌስታል ከሆነ ደግሞ ጭራሹን እሳት አጠገብ አይሁኑ። ከሰሉንም በር ዘግተው አይተኙበት፤ በየዓመቱ ሰው የሚገድል ጢስ ነው።

ሌሊቱን ያሳልፉ። ሦስት አራት ሰዓት ቆይተው የሚፈቱም አሉ፤ ቀለም ያገኛሉ፣ ግን ቀላ ያለ ብርቱካንማ ነው። ሲነጋ ጨርቁን ይፍቱ፣ ሊጡን በቢላ ጀርባ ወይም በደረቅ ጨርቅ ይፋቁ። በሳሙና አይታጠቡ፤ በተቻለ መጠን ያን ቀን ከውሃ ይራቁ። ስስ የኑግ ዘይት ወይም ቅቤ ይቀቡ።

ጠዋት ላይ ቀለሙ ፈዝዞ ቢያዩ አይደንግጡ። አየር ሲያገኘው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህ እንሶስላ ሠርጉ ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቢሞቅ ይመረጣል። ይበልጥ እንዲጠቁር የሚፈልጉ በማግሥቱ ሌሊት ይደግሙታል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይበልጥ ይይዛል።

ቀለሙ ለምን እንደሚይዝና መቼ እንደሚለቅ

በእንሶስላ ወገን ተክሎች ውስጥ ላውሶን የሚባለው ቀለምና የቅርብ ዘመዶቹ ይገኛሉ። የሂናም ቀለም ይኸው ላውሶን ነው። ላውሶን ቆዳና ጥፍር ከተሠሩበት ኬራቲን ጋር ይጣበቃል እንጂ ላዩ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ለዚህ ነው በሳሙና የማይለቀው። የላይኛው ቆዳ እየረገፈ ሲታደስ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። መዳፍና ውስጥ እግር ቆዳቸው ወፍራም ስለሆነ አጥብቀው ይይዛሉ፣ የእጅ ጀርባ ላይ ግን ሁልጊዜ ፈዘዝ ይላል።

ጥፍር የተለየ ነው። የቀላ ጥፍር አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ ወራት ይቆያል። በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያለበት ሰው ጥፍሩን ባይሞቅ ይሻላል፤ በጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ብርሃን አሳልፎ የሚያነብ ስለሆነ የጥፍር ቀለም ሊያሳስተው ይችላል፤ ይህን ቀለም ደግሞ አሴቶን አያነሳውም።

ማን መሞቅ የለበትም

ሕፃናት። ጂ6ፒዲ የሚባለው የደም ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፤ ላውሶን በቆዳ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሳታቸውን ሊያፈርስ ይችላል። በሕፃናት ላይ ደግሞ አደጋው ይከፋል። ችግሩ ያለበት ልጅ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነው፣ ወላጅ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በበዓል ቀን ለጨዋታ ብሎ የጨቅላ እግር ማቅላት ይቅር። በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ችግር ያለበት ሰው ካለ አዋቂም አይሙቅ።

የተቆረጠ፣ የቆሰለ፣ የሚያዥ ቆዳ ላይ አይለጠፍም። ቆዳዎ ቁጡ ከሆነ ክንድዎ ላይ ትንሽ አድርገው አንድ ቀን ይጠብቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ጥቁር የፀጉር ቀለም። በከተማ አንዳንድ አስዋቢዎች ቀለሙ ቶሎ እንዲጠቁር ብለው የፀጉር ማጥቆሪያ ዱቄት በሂናውም በእንሶስላውም ላይ ይደባልቃሉ። በውስጡ ያለው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ቆዳ ያሳብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳም ይተዋል። አንዴ የተቆጣ ሰውነት ደግሞ ዕድሜ ልኩን የፀጉር ቀለም ሊከለከል ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ እንሶስላ በአንድ ሰዓት ድቅድቅ ጥቁር አይሆንም። በሰዓት እናጠቁራለን ካሉዎ ተነስተው ይሂዱ።

ለቆዳ የሚደረገው

ከጌጥነቱ ሌላ እናቶቻችን እንሶስላን የሚሞቁት ተረከዝ እንዳይሰነጠቅና በእግር ጣቶች መካከል የሚበላው እንዲሻል ነው። ላውሶንና ዘመዶቹ በላቦራቶሪ ፈንገስን እንደሚያዳክሙ ስለሚታወቅ ነገሩ መሠረት አለው። ለዚህ ሲባል ሊጡ በጣቶች መካከል ለብ ብሎ ይደረግና ሌሊቱን ይታደራል፤ ጠዋት እግሩ በደንብ ደርቆ ክፍት ጫማ ይደረጋል። ማድረቁ ከሊጡ እኩል ነው። በሳምንት ካልተሻለ፣ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ በስር አይሞክሩ፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስሩን አፍልቶ መጠጣት ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው፣ እኔም አልመክርም።

ውጭ አገር ላሉ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጅረቶች ዳር የእንሶስላ ዘመድ በብዛት ይበቅላል። አበባው ብርቱካንማ፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ፍሬውም ሲነካ የሚፈነዳ ነው። አይተው «እንሶስላ አገኘሁ» ብለው አይቆፍሩ። እሱ በአንድ ዓመት በቅሎ የሚሞት ነው፣ የሚወቀጥ ወፍራም ስር የለውም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ግንዱን ቀጥቅጠው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ተክል የሚያመጣውን ሽፍታ ያክሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የተቀጠቀጠው ተክል ሽፍታውን እንደሚቀንስ፣ ሳሙና ግን እንደሚበልጠው አሳይቷል። ስለዚህ ፖይዝን አይቪ ከነካዎ ቶሎ በሳሙና ይታጠቡ።

በአውሮፓም ወንዝ ዳር ረጅም፣ ሮዝ አበባ ያለው ሌላ ዘመድ ይታያል። ከሂማላያ የመጣ ወራሪ አረም ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መትከልም መሸጥም የተከለከለ ነው። ትኩስ ስር በሻንጣ ይዞ መግባትም ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት አይቻልም፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል።

ጓሮ መትከል

እውነተኛው እንሶስላ ግን በእንግሊዝ ለአበባውና ለምሽት ሽታው ሲባል በጓሮ ይተከላል። ከአትክልት ሻጮች በሳይንሳዊ ስሙ ይጠይቁ። ብርድ ሲመጣ ከላይ ይሞታል፣ ስሩ አፈር ውስጥ ይከርማል። ውርጭ እንዳያገኘው በወፍራም ገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ይሸፍኑት፤ ውርጩ የሚጠና ከሆነ ስሩን አውጥተው በደረቅ አሸዋ ውስጥ ያስቀምጡ።

አገር ቤት ለሚተክሉ ደግሞ ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ ሲያያዝ ነው። ቡቃያ ያለው አንገት ያለበትን ስር ይምረጡ፤ አንገት የሌለው ቁራጭ አይበቅልም። ከቤቱ ጀርባ ጥላ ያለበት፣ የእጅ ውሃ የሚደፋበት ቦታ ይመቸዋል፣ ሳሙናው ካልበዛ። ብስባሽ ፍግ ይጨምሩ፣ አንገቱን ከአፈሩ በታች ጥቂት ጣት ያህል ይቅበሩ፣ በስሮቹ መካከል የአንድ ክንድ ርቀት ይተዉ። ግንዱ ለስላሳ ስለሆነ ነፋስ እንዳይጥለው እንጨት ያስደግፉት። ዶሮና ፍየልም እንዳይደርሱበት ዙሪያውን ያጥሩት። በመጀመሪያው ዓመት አይቆፍሩት፤ ስሩ ገና ቀጭን ነው። ሁለት ክረምት አይቶ በጥር ላይ ሲቆፈር ለአንድ ሙሽራ የሚበቃ ይገኝበታል።